በረዶው ጌጥ አይደለም፦ ስለ ጃፓን ኤንካ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ ጃፓን የኤንካ ዘፈኖች፣ መለየትንና የልብ ስብራትን ስለሚያዜሙት፣ በአማርኛ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። በቋንቋችን ስለ ኤንካ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ነውና ሥራዬን አቋርጬ ነበር ያነበብኩት። ስጨርሰው ግን ደስታዬ ወደ ቁጭት ተለወጠ። ጸሐፊው ዘፈኖቹን ከልቡ እንደሚወዳቸው ያስታውቃል። ስለ በረዶውና ስለ ልብ ስብራቱ የጻፈው ግን አንዱን ዘፈን እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጥሞና የሰማ ሰው የሚጽፈው አልመሰለኝም።

የጽሑፉን ሐሳብ ላላነበቡት ባጭሩ ልንገር። ክረምት ለጃፓኖችም እንደ እኛው የትካዜ ወቅት ስለሆነ የኤንካ ገጣሚዎች ፍቅር በፈረሰ ቁጥር በረዶ ያዘንባሉ ይላል። በረዶው ጌጥ ነው፣ አንዱን ዘፈን የሰማ ሁሉንም ሰምቷል ይላል። በዘፈኖቹ ውስጥ ያሉት ሴቶች የከዳቸውን ወንድ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ምስኪኖች ናቸው ይላል። ኤንካ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የጃፓን ነፍስ ነው፣ ከእኛ ትዝታ ጋርም አንድ ነው ይላል። በመጨረሻም ይህ ዘፈን ከሽማግሌዎቹ ጋር እየሞተ መሆኑን ነግሮን ይሰናበታል።

እኔ በሰሜን ጃፓን ለትምህርት ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለቱንም የቁር ወራት ያሳለፍኩት በአንድ እጄ አካፋ፣ በጆሮዬ ኤንካ ይዤ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቃሉ ልጀምር፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ነውና። ጃፓኖች «ፉዩ» የሚሉትን ወቅት ጸሐፊው ያለ ምንም ማብራሪያ «ክረምት» ብሎ ተርጉሞታል። የአማርኛ አንባቢ ክረምት ሲባል ምን ይታየዋል? ዝናብ፣ ጭቃ፣ የጠቆረ የሐምሌ ሰማይ፣ ያለ ድልድይ የማይሻገሩት ወንዝ። ነገር ግን ደግሞ የሚበቅል እህል ይታየዋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ዘር የሚሰምርበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት ጊዜ። የእኛ ክረምት ሰውን ከሰው የሚለየው ወንዝ ሞልቶ ነው። ወንዙ ሲጎድል አደይ አበባ ይፈነዳል፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ የተለያየ ይገናኛል። የጃፓን ፉዩ ደግሞ የሚውለው እኛ ዘንድ ሰማዩ በጠራበት፣ እህሉ ጎተራ በገባበት፣ በጥር ሰርግ በሚደገስበት ወቅት ላይ ነው። በእነርሱ ሰሜን በዚያን ጊዜ ከምድር ምንም አይበቅልም። ክረምት ብሎ የተረጎመ ሰው የሚያበቅለውን ወቅት በሚቀብረው ወቅት ላይ ደረበው ማለት ነው። እኔ «ቁር» የሚለውን ቃል እመርጣለሁ። ቁር አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ ነው፤ ተስፋም ልምላሜም አልተቀላቀለበትም።

«በረዶ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ያሳስታል። የእኛ በረዶ ጫጫታ ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያሉት ሰዎች መደማመጥ ያቅታቸዋል። ልጆች እየሮጡ ይለቅሙታል፣ ከሰዓት በኋላ ቀልጦ ያልቃል። የጃፓኖቹ «ዩኪ» ድምፅ የለውም። ማታ ስትተኛ ምንም ያልነበረበት ግቢ ጠዋት መስኮቱ ድረስ ተሞልቶ ታገኘዋለህ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አንድም ድምፅ አልሰማህም። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው «አመዳይ» የሚለው የቆየ ቃል ነው። የመዝሙረ ዳዊት የአማርኛ ትርጉም አመዳይን በባዘቶ ይመስለዋል፤ ፈትል ከመሆኑ በፊት ተዳምጦ የተባዘተ ጥጥ ማለት ነው። ይህን ምሳሌ ያስታወስኩት በከንቱ አይደለም። በሰሜን ጃፓን በጹጋሩ አገር ሰባት ዓይነት በረዶ ይወርዳል ይባላል። ደራሲው ኦሳሙ ዳዛይ በ1944 ስለ ትውልድ አገሩ የጻፈው መጽሐፍ የሚከፈተው በእነዚህ ሰባት ስሞች ነው፤ ኬንጂ ኒኑማ በ1987 ያወጣው የኤንካ ዘፈንም ስሞቹን አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ዱቄቱ አለ። ፍሬ ፍሬው አለ። እንደ ባዘቶ የሚንሳፈፈው አለ፤ ያው የዳዊቱ ባዘቶ። ውኃ ያዘለው፣ ጠጣሩ፣ እንደ ሻካራ ስኳር እህል እህል የሚለው፣ በመጨረሻም ወደ ግግር የሚለወጠው አለ። ለሰባት ነገር ሰባት ስም ያወጣ ሕዝብ ስለ ጌጥ አያወራም። የሚያወራው ስለሚያውቀው፣ ስለሚፈራውና በየቀኑ በእጁ ስለሚያነሣው ነገር ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። ጸሐፊው በረዶው ለሐዘኑ የተደረበ ቀለም ነው ይላል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው፤ ለማስረዳትም ከነፋሱ መነሣት አለብኝ።

በቁር ወራት ነፋስ ከሳይቤሪያ ደርቆና ቀዝቅዞ ይነሣል። የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ ከእርሱ ይልቅ ከሚሞቀው ውኃ እርጥበት ይጠጣል። ከዋናው ደሴት አከርካሪ ተራሮች ጋር ሲላተም የጠጣውን ሁሉ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ከተራሮቹ ማዶ ያለችው ቶኪዮ በዚያው ሰዓት ደረቅና ፀሐያማ ናት። በሰሜን ጫፍ ባለችው በአኦሞሪ ከተማ ግን በአንድ ወቅት የሚወርደው በረዶ ቢደማመር በአማካይ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ አከራዬ ንጋት 11 ሰዓት ላይ በሬን አንኳኩተው አካፋ የሰጡኝ ዕለት ነው። ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ናቸው። «ዛሬ ያልጠረግከው ነገ ድንጋይ ይሆንብሃል፣ ልጄ» አሉኝና የራሳቸውን አካፋ ይዘው ቀድመውኝ ወጡ። ጣሪያ በጊዜው ካልተጠረገ ይወድቃል። መንገድ ካልተከፈተ ወተት የሚያመጣው መኪና አያልፍም። ለወራት ሩዝ ማሳው በረዶ ለብሶ ይተኛል፣ ገበሬው ሥራ የለውም።

ሥራ የሌለው ገበሬ ምን ያደርጋል? ይሄዳል። ጃፓኖች «ዴካሴጊ» ይሉታል፤ ከቤት ወጥቶ ሠርቶ መመለስ ማለት ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች፣ አብዛኞቹ ከሰሜን ምሥራቁ ክፍል፣ አዝመራው ካበቃ በኋላ ወደ ቶኪዮና ወደ ሌሎች ከተሞች እየወረዱ መንገድ ሠሩ፣ ሕንፃ አቆሙ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ጉድጓድ ቆፈሩ። ሚስትና ሽማግሌ አካፋውን ይዘው ቀሩ። አባት የሚመለሰው ችግኝ ሲተከል ነው፤ የማይመለሱም ነበሩ። ከ1954 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል ደግሞ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱ የ15 ዓመት ልጆች በተለየ ባቡር ተጭነው ከአኦሞሪ ወደ ቶኪዮው ኡኤኖ ጣቢያ ለፋብሪካና ለሱቅ ሥራ ይጓዙ ነበር። ጋዜጦቹ «የወርቅ እንቁላሎች» ይሏቸው ነበር። እናቶቻቸው ጣቢያው ላይ ቆመው ምን ብለው እንደጠሯቸው ማንም አይጠይቅም።

እንግዲህ የኤንካ አድማጭ ማለት ይህ ሕዝብ ነው። እርሱ ዘንድ ፍቅር ስለፈረሰ በረዶ አልወረደም። በረዶ ስለወረደ ሰው ከሰው ተለየ፤ ቶኪዮ የወረደው ሌላ ሴት አገኘ፣ ሰሜን የቀረችው ደብዳቤ መጠበቅ ሰለቻት። በዘፈኑ ውስጥ «ሰሜን»፣ «የሌሊት ባቡር»፣ «ወደብ» የሚሉ ቃላት ሲመጡ አድማጩ ምሳሌ መፍታት አያስፈልገውም። ቲኬቱን ራሱ ቆርጦ ያውቀዋል።

ይህን ከያዝን በኋላ ጸሐፊው ራሱ በምሳሌነት ወደ ጠቀሰው ዘፈን እንሂድ። ሳዩሪ ኢሺካዋ በጥር 1977 ያወጣችው፣ ስለ ጹጋሩ የባሕር ወሽመጥ የቁር ገጽታ የሚናገረው ዘፈን ነው። ግጥሙ የዩ አኩ፣ ዜማው የታካሺ ሚኪ ነው። ጸሐፊው ዘፈኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ አንዲት የተከዳች ሴት በበረዶ ውስጥ ታለቅሳለች።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ግጥሙ ሲከፈት ሴትዮዋ ከኡኤኖ የተነሣውን የሌሊት ባቡር አሁን ወርዳለች፣ የአኦሞሪ ጣቢያም በበረዶ ውስጥ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ጉዞ፣ ሌሊቱ፣ የመቀመጫው ምቾት ማጣት፣ ያሰበችው ሁሉ በሁለት ስንኝ አልፏል። ገጣሚው ስለ ፍቅሩ ምንም አልነገረንም፤ ማን እንደበደለ እስከ መጨረሻው አይነግረንም። ቀጥሎ የምናየው ወደ ሰሜን የሚመለሰውን ሕዝብ ነው። ሁሉም ዝም ብሏል፣ የሚሰማው የባሕሩ ጩኸት ብቻ ነው። ስለ ዩኪ ዝምታ ቀደም ብዬ የተናገርኩት ለዚህ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚንኳኳውን በረዶ እያሰበ ይህን ስንኝ የሚሰማ ሰው ዝምታው አይገባውም። ከዚያ ብቻዋን ወደ ጀልባው ትገባለች። ሊደነዝዙ የደረሱ የባሕር ወፎችን እያየች ታለቅሳለች። ከበሮው ሦስት ሦስት እየመታ ይነዳታል፤ ባቡሩ ገና ከሰውነቷ ያልወጣ ይመስላል።

ያ ጀልባ የግጥም ጀልባ አይደለም። አኦሞሪንና ከባሕሩ ማዶ በሰሜኑ ደሴት በሆካይዶ ያለችውን ሃኮዳቴን ከ1908 እስከ 1988 ያገናኘው የባቡር ድርጅቱ መርከብ ነው፤ ጉዞው አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በመስከረም 1954 አውሎ ነፋስ ከመርከቦቹ አንዱን ገልብጦ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በ1977 ዘፈኑን በሬዲዮ የሰማ የሰሜን ሰው ያንን ባሕር ያውቀዋል። ልብ የተሰበረ ሰው እዚያ ውኃ ላይ መሳፈሩ ራሱ ድፍረት ነበር።

ሁሉንም ሰምቷል ለሚለው አንድ ነገር ላምን። አዎ፣ ሰሜን፣ ወደብ፣ ሳኬ የሚሉት የሩዝ መጠጥ፣ እንባና በረዶ ተደባልቀው እንደ ተራ ወጥ የሚሠሩባቸው ብዙ የኤንካ ዘፈኖች አሉ። እኔም ሰምቻቸዋለሁ፣ ስማቸውንም አላስታውስም። ግን ዘርፉን በደካሞቹ መለካት ፍትሕ አይደለም፤ ማንኛውም ዘርፍ በዚያ ሚዛን ይወድቃል። በጎ ገጣሚዎች እጅ በረዶው በየዘፈኑ የተለየ ሥራ ይሠራል። በ2008 የወጣው የዘፋኙ የጄሮ ዘፈን ውስጥ በረዶው የሚወርደው ባሕር ላይ ነው። መሬት ላይ የወደቀ በረዶ ይቆያል፣ ይከመራል፣ ይጠረጋል። ባሕር ላይ የወደቀው ግን ውኃውን እንደነካ የለም። ያልተመለሰ ፍቅር ከዚህ በላይ በምን ይገለጣል? የኢኩዞ ዮሺ የ1986 ዘፈን ደግሞ በሴት ቃል በወንድ ድምፅ የሚዜም ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ የምትወደውን እስከ በረዶው አገር ድረስ ትከተለዋለች። ዮሺ የተወለደው ካናጊ ነው፣ ከዳዛይ ጋር አንድ ከተማ። እዚያ ነፋሱ የወደቀውን በረዶ ከምድር መልሶ እያነሣ እጅህን ከፊትህ እንዳታይ ያደርግሃል። ሰውን እስከዚያ ድረስ መከተል ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል።

ደግሞም ታላቅ የሰሜን ዘፈን ያለ በረዶ ሊቆም ይችላል። ሺኒቺ ሞሪ በ1974 የጃፓን የሙዚቃ ሽልማትን ያገኘበት ዘፈን በሆካይዶ ስላለው የኤሪሞ የባሕር ጫፍ ነው። ወቅቱ ጸደይ ሲሆን ስንኙ የኤሪሞ ጸደይ ምንም የሌለበት ጸደይ ነው ይላል። የአካባቢው ሰዎች መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ አገራችንን ምንም የለባትም ብላችሁ ሰደባችሁን ብለው። በኋላ ግን እንግዳ በዘፈኑ ምክንያት ሲጎርፍ ታረቁ። በረዶ ሄዶ እንኳ ባዶነቱ የቀረበትን አገር ማዜም ቀለም መቀባት አይደለም።

ስለ ሴቶቹ የተባለው ከሁሉም በላይ ያስቆጣኝ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚጠቅሰው ሃሩሚ ሚያኮ በታኅሣሥ 1975 ያወጣችውን፣ በ1976 ያንኑ ሽልማት ያገኘችበትን ዘፈን ነው፤ የዚህም ግጥም የአኩ ነው። አንዲት ሴት በሰሜን ባለ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀምጣ፣ ብርዱን ታግሳ፣ ሰውየው ፈጽሞ የማይለብሰውን ሹራብ ትሠራለች። ጸሐፊው ይህችን ሴት ሞኝ ይላታል፤ ለማይመጣ ሰው የምትደክም።

ሹራብ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? እናቴ ትሠራ ነበር። ሹራብ ተጀምሮ ከተተወ ይተረተራል፣ የተተረተረ ክር ደግሞ እጥፋቱ አይለቀውም፤ የነበረበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ከእርሱ መላቀቂያው መንገድ አንድ ነው፦ መጨረስ። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት ሰውየው እንደማይለብሰው ታውቃለች፤ ስንኙ ይህን በግልጽ ይናገራል። አታላይ ተስፋ የላትም። ጉዳዩን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ዙር ትሠራዋለች፣ ከዚያ ትቋጨዋለች። ራሷም ይህ የሴት ልብ እንጥፍጣፊ ሳይሆን አይቀርም ብላ በገዛ ራሷ ላይ ፍርድ ትሰጣለች። በራሱ ላይ እንዲህ መፍረድ የሚችል ሰው ምስኪን አይደለም። የሚያኮንም ድምፅ ስሙት። ጃፓኖች «ኡናሪ» የሚሉት ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ማጉረምረም የእርሷ መታወቂያ ነው። እንዲህ የምታጉረመርም ሴት ተቀምጣ ስትጠብቅ አትታየኝም።

አኩ ይህን የጻፈው ሳያስበው አይደለም። ግጥም ሲጽፍ የሚመራባቸውን 15 ደንቦች ለራሱ አውጥቶ ነበር። ከእነርሱ አንዱ በዘመኑ ዘፈኖች ውስጥ ዝም ብላ «ሴት» ተብላ የምትሣለውን፣ ራሷን የቻለች ሰው አድርጎ መጻፍ አይቻልም ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጹጋሩን ዘፈን በዚህ ዓይን መልሳችሁ ስሙት። ደኅና ሁን፣ እኔ እመለሳለሁ የምትለው እርሷ ናት። የምትሄደው እርሷ ናት።

የጥንቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ መረጃው ግልጽ ነውና። ኤንካ የሚለው ቃል የተወለደው በ1880ዎቹ ነው። የመብትና የነጻነት ጥያቄ ያነሡ ሰዎች መንግሥት የአደባባይ ንግግር ሲያግዳቸው ንግግራቸውን በዜማ ማሰማት ጀመሩ፤ ቃሉም የንግግር ዜማ እንደ ማለት ነው። ስለ ፍቅርም ስለ በረዶም አልነበረም። ዛሬ የምናውቀው ዘርፍ በዚህ ስም ተለይቶ የቆመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ተመራማሪው ዩሱኬ ዋጂማ በ2010 ባሳተመው ጥናት ኤንካን የጃፓን ልብ ማለት ራሱ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ መሆኑን አሳይቷል። ቅኝቱም ቢሆን አውሮፓዊው የሙዚቃ ትምህርት ከገባ በኋላ ከምዕራባዊው መሰላል አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ አውጥተው ያገኙት ነው፤ ስሙ «ዮናኑኪ» ራሱ አራትና ሰባት የተነሣለት ማለት ነው። ከሰሜን ሕዝብ ደም የመጣ ድምፅ ነው ለሚለውም ኢሺካዋ የደቡቧ የኩማሞቶ ልጅ ናት። አኩ የተወለደው በአዋጂ ደሴት ነው፣ ከአኦሞሪ በጣም ርቆ። ይህ ዘፈኑን ሐሰተኛ አያደርገውም። ገና 19 ዓመት ያልሞላት የደቡብ ልጅ ሰሜንን ለሰሜኖች መዘመር የቻለችው ስለተማረችው ነው እንጂ ስለወረሰችው አይደለም።

ትዝታው ላይ ግን እቆያለሁ፤ እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዟል። ክራር የሚያውቅ ሰው ይሞክረው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ያልነው የትዝታ ቅኝት ከሜጀሩ ዮናኑኪ ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ሚን እና ላን በግማሽ ዝቅ ስናደርግ የምናገኘው ሌላው ትዝታ ደግሞ ከማይነሩ ዮናኑኪ ጋር አንድ ነው፤ ብዙዎቹ የልብ ስብራት ኤንካዎች በዚህ የተሠሩ ናቸው። ኢትዮጵያዊ ኤንካ ሲሰማ አገሩ የሄደ የሚመስለው ለዚህ ነው። እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት በአንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ሆኜ ወደ በሩ ዞር ብያለሁ፤ ማን መጣ ብዬ። ድምፁን በጉሮሮ ማርገብገቡ፣ «ኮቡሺ» የሚሉት፣ ከእኛ ዘፋኞች ቅላጼ ጋር ይቀራረባል። ኮቶ ለሚባለው ባለ ክር የጃፓን መሣሪያ ጥንታዊ ቅኝት የሚቀርበው ግን አምባሰላችን ነው፤ ጸሐፊው ጥንትን ከፈለገ እዚያ ቢፈልግ ይሻለው ነበር።

ድምፆቹ አንድ ቢሆኑም የሚቆሙበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። የቆየውን የሕዝብ ስንኝ አስታውሱ፦ «ትዝታዬ አንተ ነህ ትዝታም የለብኝ፣ እመጣለሁ እያልክ እየቀረህብኝ።» ተናጋሪዋ ከቦታዋ አልተነሣችም። የሄደው ሌላ ነው፣ እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል። ትዝታም ራሱ እንደ ሰው እየመጣ ከአጠገቧ ይቀመጣል። የትዝታችን ጉልበት እዚህ መቀመጥ ላይ ነው። ከላይ ያየናቸው ኤንካዎች ውስጥ ግን ሕመሙ ይሄዳል፤ ባቡር ይሳፈራል፣ ባሕር ያቋርጣል፣ ወደ ሰሜን ወደ ባሰው ብርድ ያመራል። ልቡ የተሰበረ ሰው ሙቀት ይፈልጋል ብለን እናስባለን፤ የኤንካ ሰው ግን ልቡ ሲሰበር ወደ ቁሩ ይሄዳል። ምናልባት እዚያ ብርዱ የሁሉም ስለሆነ ነው፤ ለእርሱ ብቻ የተላከ አይደለም። የሁለቱን ዜማዎች ዝምድና የሚወድ ሰው ይህን ልዩነት ቢውጠው ሁለቱንም ያጣቸዋል።

ስለ መሞቱ የተባለው ብዙ አያቆየኝም። ጄሮን ጠቅሻለሁ። አሜሪካዊ ነው፣ የፒትስበርግ ልጅ፣ ጥቁር። ኤንካን የተማረው ከጃፓናዊት አያቱ ነው። የመጀመሪያ ዘፈኑ በወጣ ሰሞን በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ አራተኛ ሆኖ ገባ፣ በዓመቱ መጨረሻም በአገሪቱ የሕዝብ ቴሌቪዥን በኤን ኤች ኬ የዘመን መለወጫ ዝግጅት ላይ ቆሞ ዘፈነ። በ2018 መድረኩን ትቶ ወደ ኮምፒውተር ሥራ ሄደ፤ ይህም እውነት ነው። አድማጩም እንደ ቀድሞው ብዙ አይደለም። ቢሆንም ኢሺካዋ ያንን የጹጋሩን ዘፈን በዚያው ዝግጅት ላይ ለዓመታት በየሁለት ዓመቱ ስትዘፍነው ኖራለች፤ በሩቅ ከተማ ለሥራ የሄዱት ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ቤት በሚመለሱበት ሌሊት፣ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ማሞቂያ ዙሪያ ተቀምጠው።

ከአገሩ ከመውጣቴ በፊት በዘፈኑ ውስጥ ወደሚጠቀሰው ወደ ታፒ የባሕር ጫፍ ሄጄ ነበር። ጀልባዎቹ በመጋቢት 1988 ቆመዋል፤ 53.85 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ዋሻ ከባሕሩ ሥር ተከፍቶ አሁን ባቡር ከእግርህ በታች ያልፋል፣ ተሳፋሪውም ጫፉን አያየውም። ጫፉ ላይ የዘፈኑ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ቁልፉን ስትጫነው የኢሺካዋ ድምፅ ይወጣል፤ የሚጀምረውም ከሁለተኛው አንጓ ነው። የማታውቀው ሰው፣ እይ፣ ያ የታፒ ጫፍ ነው ብሎ በጣቱ ያሳያታል። በትንፋሿ የጨገገውን መስኮት ትጠርገዋለች፤ ከሩቅ ጭጋግ በቀር ምንም አይታይም። ከዚያ ነፋሱ አልቅሺ ያላት ይመስል ደረቷን ይነቀንቀዋል።

ጸሐፊው ይህን ሁሉ በአንድ «ታለቅሳለች» ጠቅልሎታል። በመጀመሪያው አንጓ ወፎቹን እያየች አልቅሳለች፤ ትክክል ነው። በሁለተኛው ግን ነፋሱ አልቅሺ እያለ ይገፋታል፤ የሚያለቅስን ሰው ደግሞ አልቅስ ብሎ የሚገፋው የለም። በሁለቱ አንጓዎች መካከል፣ መስኮቱን ስትጠርግ ይሆናል፣ አቁማለች። እኔም በዚያ ነፋስ ውስጥ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫንኩት፤ ያቆመችበትን ቦታ በጆሮዬ ለማግኘት።